በአባቴ ስም የሚላኩ ደብዳቤዎች

በጽጌ ወራት ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ላይ ጉም ይተኛል። ከባሕር ዳር በጀልባ ስንነሳ መጀመሪያ የመንገዱ ዘንባባዎች ይጠፋሉ፤ ቀጥሎ የሆቴሎቹ ጣሪያ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ከጀልባው አፍንጫ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም። በእንዲህ ያለ ጠዋት እንቅልፍ ይሁን ንቃት ሳይለይልኝ መንሳፈፍ እወዳለሁ። ሰው ሲያናግረኝ የምሰማው ዘግይቼ ነው። አባቴ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ ጀልባ ላይ ብዙ አያወሩኝም። ጸሎታቸውን በቃላቸው ያነበንባሉ፤ ድምፃቸው ከሞተሩ ጋር ይቀላቀልና ከውሃው ሥር የሚመጣ ይመስለኛል።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም የሐይቁን ገዳማት የብራና መጻሕፍት የምትንከባከብ አንዲት ትንሽ ማኅበር ጸሐፊ ሆኑ። ማኅበሯ ያላት ሐይቁ ዳር አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና በራሷ ስም የተመዘገበ የኢሜይል አድራሻ ነው። ይህን ስም፣ በእኛ ሙያ ዶሜይን የሚባለውን፣ ያስመዘገብኩትም የማስተዳድረውም እኔ ነኝ። እንጀራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ የማኅበሯን ሥራ ግን የምሠራው በነፃ ነው። አባቴ «ለነፍስሽ ነው» ይሉኛል። እኔም «ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ» እያልኩ ያን የደከመ ኮምፒውተር አባብለዋለሁ።

ያን ዕለት ወደ ደሴቱ የሄድነው የአንድ ብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታ ተላቀቀ ስለተባለ ነበር። አባቴ በምን ዓይነት ክር ቢሰፋ እንደሚሻል በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ ነው። ገዳሙ የወንዶች ብቻ ስለሆነ እኔ እንደወትሮዬ ከጀልባው ሳልወርድ ቀረሁ። ከእኔ ጋር ባለጀልባው ነበር። ከሐይቁ ዳር ሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ፣ አባቱ ጀልባ ሠሪ የነበሩ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። አባቴን ለዓመታት አመላልሷቸዋል፤ ከእሱ ሌላ ጀልባ አይሳፈሩም።

አባቴ ወደ ደሴቱ ሲወጡ መጻሕፍቱ ከሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ጠባቂ ከአባ ጋር ጨዋታ ይይዙና ፀሐይ ከረር እስክትል ይቆያሉ። ያን ቀን ግን ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ።

«ምነው አባባ? ምን ረሱ?» አልኳቸው።

«ዕቃ ቤቱ ዛሬ አይከፈትም አሉኝ።»

«ለምን?»

«አልጠየቅሁም።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ጸሎቱን አልጀመሩም። ባለጀልባው ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን ያዘና ሳይስበው ቆመ።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ። «ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። መሪጌታ የገዳሙን መጻሕፍት ለፈረንጅ ሊሸጡ ደብዳቤ ጻፉ ተብሎ ወደቡ ላይ ይወራል። ደብዳቤውን በወረቀት አትመው ለአባ ሰጥተዋቸዋል። እኔስ አላመንሁም።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ። እኔ ደግሜ ጠየቅኩት፤ እንደልማዴ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «ማነው ይህን ያለ? ስሙን ንገረኝ!» ብዬ ስነሳ ጀልባው ተናወጠና አባቴ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

አባቴ ርስት የላቸውም፤ ጥሪት የላቸውም። ያላቸው ስማቸው ነው። በሐይቁ ዙሪያ የትኛውም ዕቃ ቤት ሲደርሱ ጠባቂው ቁልፉን ይዞ የሚነሳው መሪጌታ መጡ ስለተባለ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሸጠ የተባለ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ቅጽር ቢረግጥም ሰው አያምነውም፤ ቢሞት እንኳ ፍታቱ ላይ ይንሾካሾኩበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት ለክፉውም ይሠራል። አባቴ በዚያ ወሬ ሥር ሆነው እንዲሞቱብኝ አልፈለግኩም። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ደብዳቤውን ለገዳሙ ያሳየው መጻሕፍቱን ሊያጠና የሚመላለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ክፋት የለውም፤ ደንግጦ ነው። ጻፍኩለትና ኢሜይሉን ከነሙሉ ራስጌው፣ ማለትም ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደመጣ ከሚናገረው ከማይታየው ጽሑፍ ጋር፣ እንዳለ ላከልኝ። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ከፈትኩት። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው የሚያየው፤ ደንገሉ ያለ ነፋስ ይወዛወዝ ነበር፤ ከሥሩ ዓሣ ሳይኖር አይቀርም።

ላኪው የሚለው ቦታ ላይ የእኛ አድራሻ ተጽፏል፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ከዚያ የአባቴ ሰላምታ መጣ። አባቴ ደብዳቤ ሲጽፉ በግእዝ የሚጀምሩት የራሳቸው ሰላምታ አላቸው፤ የሐይቁን ማዕበል ቁጥር ያህል ሰላም ለተቀባዩ የሚመኝ፣ ዜማ ባይኖረውም የሚዜም የሚመስል። ሳነበው ድምፃቸውን ሰማሁት። ከሰላምታው በታች ግን ሌላ ሰው ነበር የሚናገረው። «ከዕቃ ቤቱ ሊወጡ የሚችሉ ሁለት ጥንታዊ ብራናዎች አሉ፤ ነገሩ በምስጢር ይያዝ» ይላል። አባቴ በተኙበት ሰው ገብቶ ልብሳቸውን ለብሶ የወጣ መሰለኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። በኢሜይል የላኪ ስም ማለት ፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ ስም ነው፤ ማንም የፈለገውን ይጽፋል፣ ከልካይ የለውም፣ የስሙ ባለቤት ራሱ ካልከለከለ በቀር። ራስጌው ደብዳቤው የተነሳው እኔ ከማላውቀው ሩቅ አገር ካለ ማሽን እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ሌባው ሰላምታውን ከአንድ እውነተኛ የአባቴ ደብዳቤ ቀድቶታል፤ ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ራስጌውን አተምኩና ከሥር ከሥሩ በአማርኛ እየተረጎምኩ ጻፍኩበት። አባቴ ይዘውት ወደ ደሴቱ ሄዱ፤ እኔም ጀልባው ላይ ሆኜ ዛፍ ዛፉን እያየሁ ጠበቅኩ። ሲመለሱ ወረቀቱ በእጃቸው ነበር።

«አላመኑም?»

«ልጅዎ የለፋችበትን አይቻለሁ አሉ። እኔ ይህን ቁጥር አላውቀውም፤ ሰላምታውን ግን አውቀዋለሁ አሉ።»

እኛ አገር ደብዳቤ የሚታወቀው በሰላምታው ነው። ፊርማ ማንም ይፈርማል፤ ማኅተምም ይቀረጻል። ሰላምታ ግን የሊቁ እጅ ነው፤ ተማሪው እንኳ ከመምህሩ ሊሰርቀው ያፍራል። አባ በዚያ ልማድ ያደጉ ሰው ናቸው። አልፈረድኩባቸውም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ፈርጄባቸዋለሁ። ጀልባው እስኪዞር ድረስ በልቤ ስሰድባቸው ነበር።

አባቴ «ተዪ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉኝ።

«ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የሚነጋው ለውሸት ነው አባባ» አልኳቸው።

ባለጀልባው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩን ዝቅ አደረገና፣ «አባቴ ከማዶ ሰው ሲልክብን ቃል ብቻ አይልክም ነበር» አለኝ። «ምልክት ያክልበታል። ጀልባውን ለዚህ ሰው ስጠው፤ ምልክቱ፣ አምባዛው ጣትህን ነክሶህ የሳቅሁብህ ቀን ይላል። ያን ከእሱና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? የእናንተ ኢሜይል ምልክት የለውም?»

«አለው። ሦስት ነው» አልኩት።

የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ። በእኛ ሙያ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ይሏቸዋል፤ ስማቸው የመድኃኒት ስም ይመስላል። ሦስቱም በዶሜይኑ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ ኢሜይል የሚቀበል ማሽን ሁሉ፣ ዓለም ዳርም ቢሆን፣ ሄዶ ሊያነባቸው ይችላል። አንደኛው፣ በዚህ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ እነዚህ ማሽኖች ብቻ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ማኅተም ነው፤ ማተሚያው ከእኛ ዘንድ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ማመሳከሪያው ለሁሉ ይገለጣል፤ በመንገድ ላይ አንዲት ቃል ብትለወጥ ማኅተሙ አይገጥምም። ሦስተኛው ለተቀባዩ ትእዛዝ ይሰጣል፦ በስማችን መጥቶ ከሁለቱ በአንዱም ያልተረጋገጠ ደብዳቤ ቢያገኝ ዝም ብሎ ያሳልፈው፣ ወይም ለብቻ ያስቀምጠው፣ ወይም ይመልሰው እንደሆነ ይነግረዋል። ያየውንም በየቀኑ እንዲነግረን ይጠይቃል።

መስመሮቹ ተጽፈው እስኪሰራጩ መጠበቅ ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ከቢሮው በታች ያለውን ድንጋይ ይመታል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ ተከደነ። በሕልሜ አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብለዋል፤ ከደሴቱ ደግሞ የአባቴ ድምፅ «ነዪ፣ ጀልባውን አምጪው» እያለ ይጠራኛል። አጠገቤ ያሉትን «ማነው የሚጠራኝ?» ስላቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ደንግጬ ስነቃ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች በመስኮቱ ፊት ዝቅ ብለው እያለፉ ነበር። ክንፋቸውን አያንቀሳቅሱም። ረጅም ጊዜ አየኋቸው፤ ከዚያ መዝገቡን ስፈትሽ ሦስቱም መስመሮች ወጥተዋል።

ቶሎ መዝጋት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ሰው ሳያጣራ ከዘጋ የራሱን ደብዳቤ ከሌባው ጋር ይመልሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ትእዛዙን «ዝም ብለህ አሳልፍ፣ ግን ንገረኝ» አደረግኩት። በማግስቱ ትልልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች ሪፖርት መላክ ጀመሩ። ሪፖርቱ የደብዳቤውን ቃል አይናገርም፤ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ማሽን፣ በስማችሁ ይህን ያህል ተላከ፣ ይህ ገጠመ፣ ይህ አልገጠመም ይላል። በየጠዋቱ ጉሙ ሳይገፈፍ ቢሮ ገብቼ አነባለሁ። አዘውትሬ ከማንበቤ የተነሳ ቁጥሮቹ ፊት ያወጡልኝ ጀመር።

ከቢሯችን የሚወጣው ገጠመ። ከሩቅ አገር የሚመጣው፣ ያ ሌባ፣ አልገጠመም፤ ሥራውን አላቋረጠም ነበር። ሌላ ደግሞ ያላሰብኩት ሦስተኛ መጣ። ከአንድ ርካሽ የመልእክት መላኪያ ድረ ገጽ በስማችን የሚልክ አለ፤ ያውም ብዙ። ሁለት ሌባ ሆነብን ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

አባቴን ጠየቅኳቸው። «ከዚህ ቢሮ ውጭ በማኅበሩ ስም ደብዳቤ የሚልክልዎ ሰው አለ?»

«የለም» አሉ ወዲያው። አባቴ አይዋሹም፤ ስለዚህ የለም ማለት የለም ነው ብዬ ተውኩት።

ወሩ እያለፈ ሲሄድ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሦስተኛው ላኪ ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ድንገት በአንድ ቀን ብዙ ይልካል፣ እንደገና ዝም ይላል። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው አንዱ የሚካኤል ዋዜማ፣ አንዱ የማርያም ዋዜማ ሆነ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሌባ ብዙ አይቻለሁ፤ በዓል የሚያከብር ግን አይቼ አላውቅም።

«አባባ» አልኳቸው፣ «በበዓል ዋዜማ ለማን ነው ሰላምታ የሚልኩት?»

«ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነዋ። ለሁሉም።»

«በምን?»

«ሐሙሲት ከተማ ላለው ልጅ በስልክ እነግረዋለሁ። እሱ ጽፎ ይልክልኛል።»

«አባባ! ሌላ የሚልክ የለም ብለውኝ የለም?»

በጣም ተገርመው አዩኝ። «እሱማ መንገደኛ ነው ልጄ። ላኪው እኔ ነኝ።»

ምን ልበላቸው? በእሳቸው አገር ደብዳቤ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይሰጣል፤ ነጋዴ ይሁን ደብተራ፣ ገበያተኛ ይሁን ለቅሶ ደራሽ። ተሸካሚውን ላኪ ብሎ የሚቆጥር የለም። ዓለም ዳር ያለ ማሽን ግን ተሸካሚውን ነው የሚጠይቀው።

ወደ ሐሙሲት በሚኒባስ ወጣሁ። ልጅ ያሉት ጢም ያወጣ፣ የልጆች አባት የሆነ ዲያቆን ነው፤ ከመንገዱ ዳር፣ ከሻይ ቤቶቹ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት ከፍቷል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ ብሎ «የየኔታ ልጅ!» እያለ ወንበሩን አበሰልኝ፤ ሻይም አስመጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እኔ የሰጡኝን ነው የላክሁ። አንድ ቃል አልጨመርሁም።»

«አውቃለሁ። በማኅበሩ አድራሻ ለምን ላክኸው?»

«ታዲያ የየኔታን ሰላምታ በእኔ ስም ልላከው? ቅሚያ አይሆንም?»

ሻዩን እየጠጣሁ በመንገዱ የሚያልፉትን አውቶቡሶች አየሁ። ይህን ሰው መቆጣት አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚልከው ሁሉ በእኛ ሰርቨር በኩል፣ በእኛ ማኅተም እንዲያልፍ አስተካከልኩለት። ስወጣ «ስለ የኔታ የሚወራው ውሸት ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ወሬው ሐሙሲትም ደርሷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ።

ቀጣዩን ሪፖርት ሳይ ሦስተኛው ላኪ ጠፍቶ ሌባው ብቻውን ቀርቷል። ልዘጋበት ነው ብዬ ለአባቴ ስነግራቸው «ወዲያው ታወግዢዋለሽ?» አሉኝ። እንደሳቸው አሠራር ሰው በአንድ ጊዜ አይወገዝም፤ ይመከራል፣ ካልሰማ ይለያል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚወገዘው። የእኔም ሙያ እንዲሁ ነው አልኳቸው። ለአንድ ሳምንት ትእዛዙን «ለብቻ አስቀምጠው» አልኩት። የቀረብን የራሳችን ደብዳቤ እንደሌለ ሳረጋግጥ «መልሰው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በአባቴ ስም የሚመጣ የውሸት ደብዳቤ ትእዛዙን የሚያነብ ማሽን ሁሉ ከደጅ ይመልሰዋል። እጄን ታጥቤ ሐይቁ ዳር ቆምኩ፤ ጀንበር እየጠለቀች ነበር፤ ደስታ ጠብቄ ድካም ብቻ ተሰማኝ። ለሚመጣው ዘጋሁበት፤ የሄደው ደብዳቤ ግን አባ እጅ ላይ ነው።

አባቴም ያን ሰሞን ጨዋታ ቀንሰው ነበር። ጉልበታቸው ሲብስባቸው ወንዛዬ ሄደው ፍል ውሃ እንዲገቡ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። አንድ ጠዋት ልብሳቸውን በትንሽ ከረጢት አድርገው አገኘኋቸው።

«ደሴቱ ላይ ሱባኤ እገባለሁ» አሉኝ።

«ያለ ጥፋትዎ?»

«ሱባኤ ለጥፋተኛ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?»

«ይማሉልን ቢሉኝስ ብለው ነው አይደል የሚሸሹት?» አልኩ፤ ተናድጄ ነበር። «ይማሉ! መስቀል ይዘው ይማሉና ይገላገሉ!»

«በእውነትም ቢሆን አልምልም» አሉ። ስልካቸውን አውጥተው በእጄ አስቀመጡት። «እንዳትዘጊው። ሐሙሲት ያለው ልጅ ቢደውል ደህና ናቸው በዪው።»

ባለጀልባው ወሰዳቸው። እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ ጀርባቸው ጉሙ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ደሴቱ ያን ቀን ከሥሩ ተቆርጦ ከውሃው በላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። እዚያ ስልክ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፤ ከአባ ጎጆ አጠገብ በተሰጠቻቸው ጎጆ ውስጥ፣ ከጸሎት ሰዓት በቀር ከማንም ቃል ሳይለዋወጡ ይቆያሉ።

እኔም ወደ ሪፖርቶቼ ተመለስኩ። አባቴ ደሴቱን በረገጡ ማግስት ሌባው መጣ። በአባቴ ስም ላከ፤ ተመለሰበት። በሚቀጥለው ቀን እንደገና ላከ፤ ተመለሰበት። ሌባ ነውና ሰውየው የት እንዳሉ አያውቅም። አባቴ በጎጇቸው ዝም ብለው ተቀምጠው ሳለ ስማቸው በዓለም ላይ እየዞረ በር ያንኳኳል፣ ማንም አይከፍትለትም። ይህን ሳስበው ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ድንገት ቆምኩ። አባቴ አሁን ያሉት በአባ ዓይን ሥር ነው። ከአባ የተሻለ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

በአባቴ ስም ደብዳቤ የተላከባቸውን ቀናትና ከየት እንደተላከ ከሪፖርቶቹ አውጥቼ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በደማቅ የእጅ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ገለበጥኩ። ምንም ማብራሪያ አልጨመርኩም። ከሥር «በእነዚህ ቀናት መሪጌታ የት ነበሩ?» ብዬ ጻፍኩና ለባለጀልባው ሰጠሁት። በአባ እጅ እንዲሰጥልኝ፣ ለሌላ ለማንም እንዳያሳይ አደራ አልኩት። ሲመለስ ገና ገመዱን ሳያስር ጠየቅኩት።

«ምን አሉ?»

«ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የመሪጌታን ጎጆ በር አዩ። ከዚያ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ተቀመጡ።»

«ተቀመጡ?»

«መሬት ላይ። እኔም ዘወር አልሁላቸው።»

አባቴ ሱባኤያቸውን ሲጨርሱ ልንቀበላቸው ሄድን። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር፤ ብርድ ነበር፤ ሐይቁ አልተነቃነቀም። ከዛፎቹ መሐል ሁለት ሆነው ወጡ። አባ ከበሩ እንደማይርቁ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን እስከ ውሃው አፋፍ ወረዱ። ቀጫጫ፣ ከገመትኳቸው በላይ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ በልቤ የሰደብኳቸው እኚህን ነበር። ከሩቅ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩኝና «ልጄ፣ ከወሬኞች ጋር ሆነን አባትሽን አምተናቸዋል፤ ይቅር በዪኝ» አሉ። እኔም «ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አባቴ ተሰናብተዋቸው ገቡ፤ በጣም ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን ሰላም ነበር። ባለጀልባው ቀስ ብሎ ከዳር አራቀን።

አላስቻለኝም። «ከፈቱልዎ?» አልኳቸው።

«ከፈቱልኝ። ቁልፉን አውጥተው በእጄ ሰጡኝ።»

«እልል!» አልኩ፤ ጮኼ ነበር። «መጽሐፉንስ? ገበታው እንዴት ሆኗል?»

«አልገባሁም።»

«ምን?»

«ቁልፉን መለስሁላቸውና ደጁ ላይ አብረን ተቀመጥን።»

ደሜ እንደገና ፈላ። ያን ሁሉ ጠዋት፣ ያን ሁሉ መስመር፣ ሐሙሲት ድረስ መመላለሱን አሰብኩ። «ለምን አባባ? እውነቱ ወጥቶ! ተረጋግጦልዎ!»

አባቴ ደሴቱን ዞረው አዩት። አባ እንደቆሙ ነበሩ።

«ቁልፉን በአንድ እጃቸው ሲሰጡኝ በሌላው ያንቺን ወረቀት ይዘው ነበር» አሉ። «ወረቀትሽ እውነት ነው፤ እግዜር ይስጥሽ፤ ስሜን መልሰሽልኛል። ግን ያመኑት ወረቀቱን ነው። እኔን ገና አላመኑኝም። እኔን እስኪያምኑኝ እጠብቃቸዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ» አሉ። «ስንት ዘመን አብረን ጾመናል፤ አብረን ቆመን አስቀድሰናል። በእሳቸውና በእኔ መሐል ወረቀት ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ከተማው አዞሩ። እኔም ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ነበር።